ከመኪና አደጋ በኋላ ለአእምሮ ጉዳት ካሳ መጠየቅ፦ ከፖሊስ ቃል እስከ ፍርድ አፈጻጸም

መራራውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። በኢትዮጵያ ሕግ አደጋው ያሳደረባችሁ ፍርሃት፣ ቅዠትና ጭንቀት ራሱ በገንዘብ ሲተመን ጣሪያው 1,000 ብር ነው። አዎ፣ አንድ ሺህ ብር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2116 ላይ የኅሊና ጉዳት ካሳ ከዚህ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ያኔ አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ስለነበር ሺህ ብር ወግ ያለው ገንዘብ ነበር። ብሩ እየረከሰ ሄደ፣ ቁጥሩ ግን እዚያው ቆሞ ቀረ።

ታዲያ ምን ያደክመናል ትሉ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። ጣሪያው የተቀመጠው ለስሜቱ ነው። ስሜቱ ላስከተለው ኪሳራ ጣሪያ የለውም። እንቅልፍ አጥታችሁ ሥራ ከቀራችሁ፣ የቀረባችሁ ደመወዝ ቁሳዊ ጉዳት ነው። ለአእምሮ ሐኪም የከፈላችሁት፣ ለመድኃኒት ያወጣችሁት፣ ታክሲ መሳፈር ፈርታችሁ ሰው አስከትላችሁ የሄዳችሁበት ወጪ፣ ወደፊት መሥራት የማትችሉት ሥራ ሁሉ ቁሳዊ ጉዳት ነው። ቁጥር 2091 ደግሞ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ጭንቀታችሁን ወደ ደረሰኝ፣ ወደ ደመወዝ ወረቀትና ወደ ሐኪም ማስረጃ መቀየር። ያንን ያላደረገ ሰው ችሎት ፊት አልቅሶ ሺህ ብሩን ይዞ ይወጣል።

1. ለፖሊስ ቃል ስትሰጡ ሁሉንም ተናገሩ

ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ያነሳል፣ ቃል ይቀበላል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ የሚያወራው ስለ እግሩ፣ ስለ ጎኑና ስለ መኪናው ብቻ ነው። ራሳችሁን ስታችሁ ከነበረ፣ አጠገባችሁ ሰው ሲሞት አይታችሁ ከነበረ፣ መኪናው ውስጥ ተቀርቅራችሁ ከቆያችሁ እሱንም አስመዝግቡ። ከወራት በኋላ ሐኪሙ «ከአደጋው ጋር የተያያዘ ነው» ብሎ ሲጽፍ፣ ያ የመጀመሪያ ቀን ቃል ድጋፍ ይሆነዋል።

የታርጋ ቁጥሩን፣ የሾፌሩን ስምና የመድን ድርጅቱን ስም ያዙ። የሦስተኛ ወገን መድን ምልክቱ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ምስክር ከተገኘ ስልኩን ተቀበሉ፤ በማግሥቱ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

ገጭቶ ያመለጠ መኪና ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። ከሥራዎቹ አንዱ ያመለጡና መድን የሌላቸው ተሽከርካሪዎች ለጎዷቸው ሰዎች መክፈል ነው። እዚያም ቢሆን መጀመሪያ የምትጠየቁት የፖሊስ ሪፖርት ነው።

2. ሐኪም ቤት፦ ክሱ የሚሸነፈውም የሚያሸንፈውም እዚህ ነው

ከአደጋ በኋላ መደንገጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ክላክስ ሲሰሙ መበርገግ የሚጠበቅ ነው። ብዙ ሰው በሳምንታት ውስጥ ይረጋጋል። ከወር በላይ ከቀጠለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አደጋው በዓይነ ሕሊና ደጋግሞ ከመጣ፣ ያንን መንገድ መሸሽ ከጀመራችሁ፣ ሌሊት ላብ በላብ ሆናችሁ ከባነናችሁ፣ ሐኪሞች ፒቲኤስዲ የሚሉት፣ ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ሊሆን ይችላል። መርማሪው የአእምሮ ሐኪም ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤልን ታውቁታላችሁ፤ ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ክሱም ወረቀቱም ይቆይ፤ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ፣ ብቻችሁንም አትሁኑ።

እንደምናውቀው ሰዉ አማኑኤል መሄድ ያፍራል። «እኔ እብድ ነኝ እንዴ?» ይላል። ዘመድ ደግሞ «ድንጋጤ ነው፣ ያልፋል፣ ጸበል ይጠመቅ» ይላል። ጸበሉን ማን ከለከለ፣ ሂዱ፤ ዳኛው ፊት የሚቀርብ የሕክምና ካርድ ግን ከጸበል ቦታ አይገኝም። በዓመቱ ሐኪም ጋ ስትሄዱ የተከሳሽ ጠበቃ «እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ልብ የሌለው ቢሆንም ይሠራል። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስኬዱት።

ሐኪሙ ጋ ስትቀርቡ «ይጨንቀኛል» ብቻ አትበሉ። ምን እንዳቃታችሁ ዘርዝሩ። «ሚኒባስ ውስጥ ከረዳቱ ኋላ መቀመጥ አልችልም፣ በሩ ሲዘጋ ትንፋሼ ያጥራል፣ ከመገናኛ እስከ ፒያሳ በእግሬ ነው የምሄደው» የሚል ሰው ለሐኪሙም ለዳኛውም ይገባል። ቤት ውስጥ ተራ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ከየትኛው ሥራ እንደቀራችሁ በአንድ በአንድ መስመር ጻፉ። ማሳመር አያስፈልግም፤ እንዲያውም በጣም ካማረ ለክስ ሲባል የተጻፈ ይመስላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሁለት የሐኪም ማስረጃ ጎን ለጎን እንይ። የመጀመሪያው፦

«ታካሚው ከመኪና አደጋ በኋላ ጭንቀት ስላለበት ሕክምና እየተከታተለ ይገኛል።»

ይኼ ወረቀት እውነት ነው፤ ግን አይጠቅምም። ሁለተኛው፦

«ታካሚው የካቲት 3 ቀን ከደረሰበት የመኪና አደጋ ወዲህ ፒቲኤስዲ እንዳለበት በምርመራ ተረጋግጧል። ከአደጋው በፊት የአእምሮ ሕመም ታሪክ የለውም። ሕመሙ ከአደጋው ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ምክንያት ለ6 ወራት መደበኛ ሥራውን መሥራት አልቻለም። ለቀጣዮቹ 12 ወራት በየወሩ ክትትልና መድኃኒት ያስፈልገዋል።»

የበሽታው ስም፣ የበፊቱ ጤንነት፣ ከአደጋው ጋር ያለው ግንኙነት፣ ያጠፋው የሥራ ጊዜ፣ የሚቀረው ሕክምና። አምስቱም አሉ። ሐኪሙ እውነት ነው ብሎ የማያምንበትን እንዲጽፍ አትወትውቱት። የሚያምንበትን ግን አሟልቶ እንዲጽፍላችሁ በትሕትና መጠየቅ መብታችሁ ነው። ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ ደግሞ የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ እንዲወስን ማስደረግ ያስፈልጋል፤ የወደፊት ገቢ ሲሰላ ፍርድ ቤት የሚመለከተው ያንን ነው። ቦርዱ ጋ የሚመራችሁ የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ደብዳቤ ነው።

በፊት ጭንቀት ታክማችሁ ከነበረ አትደብቁ። ካርዱ ይወጣል፣ ያኔ ሌላው ቃላችሁም ሚዛኑን ያጣል። «በፊት በዓመት አንዴ ነበር የሚያመኝ፣ አሁን ግን ሥራ አስፈትቶኛል» ማለት ይቻላል።

3. ሽማግሌ ሲመጣ

ይመጣል። ብዙ ጊዜ ገና አልጋ ላይ ሳላችሁ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዞ፣ የሾፌሩን ልጆች ቁጥር እየጠቀሰ። ዕርቅ ጥሩ ነው፣ ከፍርድ ቤት ምልልስም ይገላግላል። ችግሩ ያለው እንድትፈርሙበት ከሚሰጣችሁ ወረቀት የመጨረሻ መስመር ላይ ነው፦ «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ የለኝም»። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የዕርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው። ፒቲኤስዲው በሦስተኛው ወር ሲወጣ ተመልሳችሁ ለመጠየቅ ያቺ መስመር በር ትዘጋባችኋለች።

ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ በአክብሮት፦ «አባቶቼ፣ ይቅርታውን አድርጌያለሁ፣ ቂም የለኝም። ካሳውን ግን ሐኪም ሳይጨርስ አልፈርምም» በሉ። የግድ መፈረም ካለባችሁ (ለሆስፒታል የሚከፈል ብር ጠፍቶ ሊሆን ይችላል) ስምምነቱ የተከፈለው ለምን ለምን እንደሆነ ይዘርዝር፣ «የአእምሮ ሕክምናና በዚሁ የተነሳ የሚቋረጥ ገቢን አይጨምርም» የሚል መስመርም ይግባበት። የመድን ድርጅት የሚሰጣችሁን የክፍያ ማረጋገጫም እንዲሁ አንብባችሁ ነው የምትፈርሙት።

4. ማንን ትከሳላችሁ?

ብዙ ሰው ሾፌሩን ብቻ ያስባል። ሾፌሩ ኪስ ውስጥ ምን አለ? ቁጥር 2081 ለእናንተ የተመቸ ነው፦ የመኪናው ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። መኪናው ያለ ፈቃዱ ተነድቶ እንኳ ቢሆን አያመልጥም። የሚያመልጠው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ሲያስረዳ ነው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚታወቀው በሊብሬው፣ በመኪናው የባለቤትነት ደብተር ነው። ሚኒባሱን የሚያሠራውና ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው የተለያዩ መሆናቸው በከተማችን የተለመደ ስለሆነ፣ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አጣርታችሁ ክሰሱ።

መድን ድርጅቱ ወይ ከመጀመሪያው ይከሰሳል፣ ወይ ባለቤቱ ራሱ ወደ ክሱ እንዲገባለት ይጠይቃል። የሦስተኛ ወገን መድን ግን ጣሪያ አለው። የ2005ቱ አዋጅ ቁጥር 799 ሲወጣ ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ከፍተኛው 40,000 ብር ነበር። አደጋው በደረሰበት ቀን ይሠራ የነበረውን ጣሪያ ጠበቃችሁ ይመልከትላችሁ። ከጣሪያው በላይ ያለውን ባለቤቱ ከኪሱ ይከፍላል።

ሁለት መኪና ከተጋጨ ሕጉ መነሻው ላይ ሁለቱንም እኩል ጥፋተኛ አድርጎ ይገምታል (ቁጥር 2084)። አንደኛው ሾፌር ብቻ ወይም በዋናነት ማጥፋቱን ካስረዳችሁ ግምቱ ይወድቃል። እግረኛ ሆናችሁ ያለ ዜብራ ተሻግራችሁ ከነበረ ካሳው ሊቀነስ ይችላል። ከፍላችሁ የተሳፈራችሁ መንገደኞች ከነበራችሁ ደግሞ የማጓጓዣ ውል ስላለ የንግድ ሕጉ ይመጣል፤ ይህን ለጠበቃ ገና ከበሩ ንገሩት። በሥራ ላይ ሳላችሁ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ሌላ በር ይከፍትላችኋል።

5. ይርጋ፦ ሁለት ዓመት

ይርጋ ማለት ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ ነው፦ ጉዳቱ ከደረሰባችሁ ጊዜ ጀምሮ ሁለት ዓመት (ቁጥር 2143)። አለቀ። ሾፌሩ በወንጀል የሚጠየቅበት ጊዜ ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ይርጋውም አብሮ ይረዝማል፤ ነገር ግን ይህን እንደ መጠባበቂያ እንጂ እንደ ዕቅድ አትያዙት። አእምሮው የታመመ ሰው ደግሞ ነገሩን ማስታወስ ስለማይፈልግ ክሱን ያዘገያል። ይገባኛል፣ ግን ይርጋው አይገባውም። ዘመድ ወይም ጓደኛ ቀኑን ይያዝላችሁ።

የወንጀሉን ክስ ውጤት መጠበቅም ግዴታ አይደለም። ሾፌሩ በወንጀል ነፃ ቢወጣ እንኳ የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ አይታሰርም፤ ቁጥር 2149 በግልጽ ይለዋል።

6. ሒሳቡን ሥሩ

ለምሳሌ መርካቶ ሱቅ ያላትን አንዲት ነጋዴ እናስብ። ዕቃ የምታመጣው ከአዳማ ነው። ዜብራ ላይ ተገጨች፣ አጥንቷ በሁለት ወር ዳነ፣ ብቻዋን መኪና መሳፈር ግን አቃታት። ሱቁ ለ6 ወር ተዘጋ።

የተጣራ ገቢዋ በወር 12,000 ብር ቢሆን፣ የ6 ወሩ 72,000 ነው። 20 ጊዜ ሐኪም ጋ ሄዳ በ700 ብር ሒሳብ 14,000። መድኃኒት በወር 1,500፣ ለ6 ወር 9,000። ሰው አስከትላ ለኮንትራት ታክሲ 20 ጊዜ በ400 ብር፣ 8,000። እስካሁን 103,000 ብር። ሐኪሙ ለቀጣዩ ዓመት በግማሽ አቅሟ ብቻ እንደምትሠራ ከጻፈ፣ 6,000 በ12 ወር 72,000 ይጨመራል። በእርግጠኝነት የሚደርስ የወደፊት ጉዳት ዛሬውኑ ሊጠየቅ ይችላል፤ ቁጥር 2092። ድምሩ 175,000 ብር። ከዚያ በመጨረሻ የኅሊና ጉዳት፣ 1,000 ብር። አያችሁት አይደል? ሕመሙ አንድ ነው፤ በአንዱ በር 1,000፣ በሌላው በር 175,000።

እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ገቢን ማስረዳት ነው። ደመወዝተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያመጣል። ነጋዴው ግን ለገቢዎች በወር 4,000 አተርፋለሁ ብሎ ችሎት 12,000 ካለ፣ የተከሳሽ ጠበቃ የግብር ወረቀቱን እያጣቀሰ ይዝናናበታል። የባንክ እንቅስቃሴ፣ የዕቃ መግዣ ደረሰኝ፣ የሱቅ ጎረቤት ምስክር አሰባስቡ። ትክክለኛውን መጠን ማስላት ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ በመሰለው ግምት መወሰን ይችላል (ቁጥር 2102)፤ በርትዕ የሚወሰነው ግን ብዙ ጊዜ ካሰባችሁት ያንሳል።

አታጋንኑ። የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በጠየቃችሁት ገንዘብ ልክ ስለሆነ ሚሊዮን መጥራት መጀመሪያ የሚጎዳው እናንተኑ ነው።

7. ክሱን ማስገባት

ክሱ አደጋው በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ላለው ፍርድ ቤት ይቀርባል። አዲስ አበባ ላይ እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ከክስ አቤቱታው ጋር የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል፦ የፖሊስ ሪፖርትና ፕላን፣ የሐኪም ማስረጃ፣ ደረሰኞች፣ የገቢ ማስረጃ፣ የምስክሮች ስም ከነአድራሻቸው። ከዝርዝሩ የቀረ ማስረጃ በኋላ ማስገባት ፈተና ስለሆነ ከአሁኑ ሁሉንም ጻፉ። አቤቱታው ላይ የአእምሮ ጉዳቱን ከቁሳዊው ኪሳራ ጋር በየአንቀጹ አያይዙ። «ከፍተኛ የሥነ ልቦና ጉዳት ደርሶብኛል» ብሎ መድረስ የጸሐፊ ልማድ ነው፤ ለአንድ ሺህ ብር ከሆነ ይበቃል።

ለዳኝነት የሚከፍሉት የሌላቸው በደሃ ደንብ እንዲከሱ ማመልከት ይችላሉ። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ እርዳታ ይሰጣል፣ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። ጠበቃ በፐርሰንት ከያዛችሁ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ፐርሰንቱ ከየትኛው ገንዘብ ላይ እንደሚሰላም ይጻፍ።

ባለቤቱ መኪናውን ሸጦ እንዳይሰወር ከሰጋችሁ፣ ሊብሬው ላይ እግድ እንዲወጣ ከክሱ ጋር በቃለ መሐላ አመልክቱ። ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው።

8. ችሎት ላይ

መጀመሪያ የሚመጣው መቃወሚያ ነው፦ ይርጋ፣ ሥልጣን፣ «አይመለከተኝም»። ከዚያ ወደ ምስክሮች። ለአእምሮ ጉዳት ምርጥ ምስክር አደጋውን ያየ ሰው ላይሆን ይችላል፤ በፊትና በኋላ እናንተን ያየ ሰው ነው። የትዳር ጓደኛ፣ አለቃ፣ አብሯችሁ የሚሠራ። «በፊት ቀልደኛ ነበረች፣ አሁን ዝም ትላለች» ጥሩ ነው፤ «ከግንቦት ጀምሮ ዕቃ ልታመጣ አንድም ቀን አዳማ አልሄደችም» የበለጠ ነው። ሐኪሙ እንደ ባለሙያ ቀርቦ እንዲያስረዳም መጠየቅ ትችላላችሁ።

ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ሠርግ ላይ ስትጨፍሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ማስረጃ ሆኖ ይመጣል። የተጨነቀ ሰው አይጨፍርም ያለው ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ ተከሳሾች ያንን ይሞክራሉ። የሕክምና ታሪካችሁ በሕዝብ ፊት እንዳይነበብ ደግሞ ችሎቱ በዝግ እንዲሆን አመልክቱ፤ የሚወስነው ዳኛው ነው።

9. ከፍርድ በኋላ

ፍርዱ ካልተስማማችሁ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ካሸነፋችሁ ደግሞ ብሩ በራሱ እግሩ አይመጣም። የፍርዱን ግልባጭ ይዛችሁ የአፈጻጸም መዝገብ ታስከፍታላችሁ። ቀድማችሁ እግድ ካስወጣችሁ የሚሸጠው መኪና እዚያው አለ። መድን ድርጅቱ በሽፋኑ ልክ ይከፍላል፣ የቀረውን ባለቤቱ። ለጠበቃና ለዳኝነት ያወጣችሁትን የምትጠይቁበት የወጪና ኪሳራ ዝርዝር ካልቀረበ ሳይከፈል ስለሚቀር፣ የታክሲውን ደረሰኝ ጨምራችሁ አስገቡት።